መብራት ሳይበራ የሚቆጥር ሒሳብ፦ የአገልግሎት ክፍያ በወልቂጤና በቡታጅራ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ የመብራት ዋጋ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው ማሻሻያ አራት ዓመት የሚዘልቅ በመሆኑ፣ ወልቂጤ ላይ ካፌ የከፈተ ነጋዴም ሆነ ቡታጅራ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጭማሪው እንደማይቀርለት ያውቃል። የሁሉም ዓይን ያረፈው ግን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ገባ በሚለው ላይ ነው። በዚያው ቢል ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል ሌላ መስመር አለ። ብሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይታለፋል፤ ሲነሳ ደግሞ በቁጣ ይነሳል። «መብራት ሲጠፋ እየከረመ የምን አገልግሎት ነው የምከፍለው?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እስካሁን የሚገባውን መልስ ያገኘ አይመስለኝም። ክፍያው መኖሩ ትክክል ነው። የተዋቀረበት መንገድ ግን ትክክል አይደለም፤ ዋጋው በየሩብ ዓመቱ በሚከለስበት በዚህ ወቅት ካልተስተካከለ ደግሞ ስህተቱ እየከበደ ይሄዳል።

በአንድ ቢል ሁለት ሒሳብ

የኤሌክትሪክ ቢል በመሠረቱ ሁለት ሒሳብ ይዟል። አንደኛው ቆጣሪው በቆጠረው ልክ የሚመጣ የኃይል ዋጋ ነው። ሁለተኛው ደንበኛው ምንም ባይጠቀም እንኳ በየወሩ የሚታሰብ ቋሚ ክፍያ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ታሪፍ የዚህን ቋሚ ክፍያ ባሕርይ ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ስሌቱን በእሱ ላይ እንሥራው፤ አንባቢ በእጁ ባለው ቢል ላይ የሚያየውን ቁጥር ተክቶ መልሶ ሊያሰላው ይችላል። በዚያ ታሪፍ የድኅረ ክፍያ ቆጣሪ ያለው የመኖሪያ ቤት ደንበኛ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ከተጠቀመ 10 ብር፣ ከዚያ ካለፈ 42 ብር የአገልግሎት ክፍያ ይታሰብበት ነበር። የንግድ ደንበኛው ክፍያ 54 ብር ነበር። የካርድ ቆጣሪ የገባለት የመኖሪያ ቤት ደንበኛ ደግሞ የዚሁን 35 በመቶ ብቻ፣ ማለትም 3 ብር ከ50 ወይም 14 ብር ከ70 ሳንቲም ይከፍል ነበር።

ይህ የካርድ ቆጣሪ ቅናሽ ክፍያው ለምን እንደሚሰበሰብ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይናገራል። በካርድ የሚጠቀም ሰው ቤት በየወሩ ቆጣሪ አንባቢ አይመጣም፤ ቢል አይዘጋጅለትም፤ ካልከፈለ መስመሩን የሚቆርጥና ሲከፍል የሚቀጥል ሠራተኛ አይላክበትም። ክፍያው ወደ ሲሶ ገደማ የወረደው በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ ቀሪው የሚሸፍነው ቆጣሪውን ራሱን፣ የደንበኛውን መዝገብና የአገልግሎት መስጫ ማዕከሉን ወጪ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ክፍያ በአፈጣጠሩ ደንበኛን በደንበኝነት የመያዣ ዋጋ ነው። የኃይል ዋጋ አይደለም፤ የግድብ ዕዳ መክፈያም መሆን የለበትም።

የቁጥሩ ክብደት የሚታየው ከፍጆታው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ኖሮት በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በዚያ ታሪፍ ለኃይሉ፣ በ0.273 ብር ሒሳብ፣ 8 ብር ከ19 ሳንቲም ይከፍላል። 10 ብሩ ሲጨመርበት 18 ብር ከ19 ይሆናል። ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሆነው ቋሚ ክፍያ ነው ማለት ነው፤ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ትክክለኛ ዋጋም በታሪፉ ላይ ከተጻፈው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ወደ 61 ሳንቲም ይጠጋል። የኃይል ሒሳቡ ብቻ 500 ብር ለሚደርስ ቤተሰብ ግን 42 ብሩ ከጠቅላላው 8 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቋሚ ክፍያ በየትም አገር እንዲህ ነው፤ ትንሽ በሚጠቀመው ላይ ይከብዳል፣ ብዙ በሚጠቀመው ላይ ይቀላል። የ2011ዱ ታሪፍ 10 እና 42 ብሎ የለየው ይህን ለማለዘብ ታስቦ ነው። መለያው መስመር የተሰመረበት ቦታ ግን ከታች እንደምናየው ሌላ ችግር ፈጥሯል።

ወጪው የሚወለደው የት ነው?

ቋሚ ክፍያ ከፍ ይበል የሚሉ ወገኖች የሚያነሱት ክርክር ጠንካራ ስለሆነ በሚገባ መታየት አለበት። ለወልቂጤ ሰው ማስረጃው ቅርብ ነው። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ የሚወርድበት የግቤ ሸለቆ አገሪቱ የኤሌክትሪክ ተስፋዋን ከጣለችባቸው ተፋሰሶች አንዱ ነው። ጊልገል ግቤ አንድ 184 ሜጋዋት፣ ግቤ ሁለት 420 ሜጋዋት፣ ታች በኦሞ ላይ ያለው ግቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ግቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ ግቤ አንድ ላይ ተርባይን ያዞረውን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተቀብሎ እንደገና ይጠቀምበታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገዛ ነዳጅ የለም። ውኃው በነፃ ይወርዳል፤ ወጪው ያለው በግድቡ፣ በዋሻው፣ በተርባይኑ፣ በማስተላለፊያ መስመሩና ይህን ለመሥራት በተወሰደው ብድር ላይ ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከ90 በመቶ በላይ ኃይሉን ከውኃ የሚያገኝ አገር ወጪው ሁሉ ማለት ይቻላል ቋሚ ነው። ቡታጅራ ላይ አንድ ሰው ዛሬ ማታ አምፖሉን ቢያጠፋ የሚቀንስ ነዳጅ የለም፤ ዕዳው አይቀንስም፤ የምሰሶው ጥገናም አይቀርም። ከዚህ ተነስቶ «ወጪው ቋሚ ከሆነ ገቢውም ቋሚ ይሁን፣ ከእያንዳንዱ ቆጣሪ እኩል ይሰብሰብ» ማለት በወረቀት ላይ የሚያሳምን ይመስላል። ችግሩ ሐሳቡ ማቆሚያ የሌለው መሆኑ ነው። እስከ መጨረሻው ከተወሰደ የቢሉ አብዛኛው ክፍል ቋሚ ይሆናል፤ አንድ ክፍል ያለው ተከራይና ፎቅ ያለው ሆቴል ተመሳሳይ ገንዘብ ሊጠየቁ ነው።

መውጫው ቋሚ ወጪዎችን እርስ በርሳቸው መለየት ነው። ቆጣሪ፣ መዝገብ፣ ቢልና ክፍያ መሰብሰብ የሚጨምሩት የደንበኛ ቁጥር ሲጨምር ነው፤ አንድ ደንበኛ በተጨመረ ቁጥር አንድ ቆጣሪ ይጨመራል። እነዚህን በየደንበኛው እኩል ማካፈል ያስኬዳል። ትራንስፎርመሩና መስመሩ የሚተልቁት ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት በሚጠቀመው ከፍተኛ ጭነት ልክ ነው። ምሽት ላይ ከተማው ሁሉ አብርቶ፣ ምጣዱን ጥዶ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ትራንስፎርመሩ ሲጨነቅ ለጭንቀቱ ብዙ ያዋጣው ብዙ የሳበው ነው። የማመንጫው ዕዳ ደግሞ ከሚገኘው ኃይል ጋር የተያያዘ ነው፤ የበለጠ ኃይል የወሰደ ከግድቡ የበለጠ ተጠቅሟል። ለእኔ የአገልግሎት ክፍያው ድንበር እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓይነት ወጪ ይሸከም፣ ሁለቱን ግን ለኃይሉ ዋጋና ለትልልቅ ደንበኞች የጭነት ክፍያ ይተው።

በዚህ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ። የመስመሩ ወጪ በኪሎዋት ሰዓት ላይ ከተጫነ፣ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የተከለ ሀብታም ከመስመሩ ጥቂት እየወሰደ ወጪውን ለሌላው ይተዋል ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። በመብራት መቋረጥ የተማረሩ አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ወደ ፀሐይ ሲዞሩ የጆሃንስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በካርድ ቆጣሪ ተጠቃሚዎች ላይ በወር 200 ራንድ ቋሚ ክፍያ ጣለ፤ ብዙ ቁጣም ቀሰቀሰ። ይህ ስጋት ለወደፊቱ መታሰብ ያለበት ነው። ዛሬ ግን በወልቂጤና በቡታጅራ ከመስመሩ ውጭ ያለው አብዛኛው ሰው ፀሐይ ስላገኘ ሳይሆን መስመሩ ስላልደረሰው ወይም ስለማይችል ነው። በሌላ አገር ሀብታሞች ላይ የተበጀን መድኃኒት በእኛ ድሆች ላይ መሞከር አይገባም።

ሃምሳ አንደኛው ኪሎዋት ሰዓት

ወደ ታሪፉ መስመር እንመለስ። በ2011ዱ ታሪፍ 49 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤተሰብ ለኃይሉ 13 ብር ከ38፣ ለአገልግሎቱ 10 ብር፣ በጠቅላላው 23 ብር ከ38 ሳንቲም ይከፍላል። ፍጆታው 51 ሲገባ የአገልግሎት ክፍያው ብቻ ከ10 ወደ 42 ይዘላል። ጭማሪው 32 ብር ነው፤ ከመላው የ49 ኪሎዋት ሰዓት ቢል ይበልጣል። ቆጣሪ ለማንበብና ቢል ለማዘጋጀት የሚወጣው ገንዘብ ግን 49 ላይም 51 ላይም ያው ነው። ስለዚህ 42ቱ ብር የደንበኝነት ወጪ መለኪያ ሳይሆን ከመካከለኛ ተጠቃሚ ገቢ የማግኛ ዘዴ ሆኗል። ከዚያ በፊት ከ1998 ጀምሮ ለ12 ዓመት ገደማ ሳይነካ በቆየው ታሪፍ የአገልግሎት ክፍያው ከፍጆታው ጋር በበርካታ ደረጃዎች ቀስ እያለ የሚወጣ ነበር፤ ዝቅተኛው ከ2 ብር በታች፣ የተራው ባለ አንድ ፌዝ ቤት ትልቁም ከ14 ብር በታች ነበር። መጠኑ ዘመኑን ያልተከተለ ቢሆንም ቅርጹ የተሻለ ነበር፤ ደረጃው ተነሥቶ በቦታው ግድግዳ ቆመ።

ይህ ግድግዳ የቆመበት ቦታ ድንገተኛ አይደለም፤ ውጤቱ ግን የታሰበበት አይመስልም። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር ምጣዱ ብቻ በወር ወደ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። አራት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራሉ። ሃምሳው አለፈ። እንግዲህ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚለየው ድሃን ከሀብታም ሳይሆን በእንጨት የሚጋግረውን በኤሌክትሪክ ከሚጋግረው ነው። በጉራጌ አገር የባሕር ዛፍ ማገዶ በቅርብ ይገኛል፤ ቆጮው በእንጨት ይጋገራል፣ ቡናውም በእንጨት ይፈላል። ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ እንድትዞር የምትፈለገውን እናት በተሻገረችበት የመጀመሪያ ወር የሚጠብቃት የ32 ብር ቅጣት ነው። ሕዝቡ ከጭስ ይውጣ የሚል መንግሥት ከጭስ የወጣውን በቋሚ ክፍያ መቅጣት የለበትም።

ሁለተኛው የሃምሳው መስመር ጉዳት በኪራይ ግቢዎች ላይ ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ፣ ከተማዋም የዞንና የክልል መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ከሆነች በኋላ፣ በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ መኖሩ የተለመደ ነው። ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በዚሁ መንገድ ላይ ናት። እያንዳንዳቸው 25 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ሦስት ቤተሰቦች ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም የዝቅተኛው ምድብ ተጠቃሚ ይሆኑ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ላይ ግን ድምሩ 75 ነው፤ የአገልግሎት ክፍያው 42 ብር ይሆናል፤ የኃይሉም ዋጋ ወደ ላይኛው እርከን ይገባል። አከራዩ ደግሞ ወጪውን በአምፖልና በሶኬት ቆጥሮ ያከፋፍላል። ታሪፉ የሚያየው ቆጣሪን እንጂ ቤተሰብን አይደለም። ለድሃው ታስቦ የተሠራው ድጎማ ቆጣሪ ለማስገባት ለቻለው ይደርሳል፤ ቆጣሪ ለሌለው ድሃ ግን አይደርስም። በ2017 ዓ.ም. የጀመረውም ማሻሻያ አነስተኛ ተጠቃሚዎችን በድጎማ እንደሚያቆይ ተነግሯል። ሐሳቡ መልካም ነው። የግቢው ተከራይ ግን ከመጀመሪያውም ከመዝገቡ ውጭ ነው።

የተዘጋው ቤት

ስለ ቋሚ ክፍያ በጉራጌ ከተሞች ሲነገር ሊታለፍ የማይችል ጉዳይ አለ። አዲስ አበባና ሌላ ከተማ ነግደው ያፈሩ ብዙ ቤተሰቦች ወልቂጤ፣ ቡታጅራ ወይም በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ቤት ሠርተዋል። ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ዝግ ሆኖ ይከርምና ለመስቀል ይከፈታል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ክትፎው ሲዘጋጅ፣ ፍሪጁ ሲሠራ፣ እንግዳው ሲመላለስ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኃይል ይስባል። ትራንስፎርመር የሚፈነዳውም፣ መብራት የሚደክመውም እንዲህ ያለው ጭነት ሲመጣ ነው። የካርድ ቆጣሪ ያለው የቤቱ ባለቤት ከወራት በኋላ ተመልሶ ካርድ ሲሞላ ያልተከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ተጠራቅሞ ይቆረጥበታል። «ሳልኖርበት ለምን?» ይላል።

እዚህ ላይ ግን መልሱ ከተከራዩ ጉዳይ የተለየ ነው። መስመሩ ለዚያ ቤት ዓመቱን ሙሉ ተዘርግቶ ቆይቷል፤ ቆጣሪው ተመዝግቦ ቆይቷል፤ ትራንስፎርመሩም የመስቀሉን ቀን ጭነት እንዲችል ተደርጎ መቀመጥ አለበት። ቋሚ ክፍያ ጨርሶ ባይኖር ይህ ቤት በዓመት ለጥቂት ቀናት ፍጆታ ብቻ ከፍሎ የቀረውን ወጪ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ለሚኖረው ጎረቤቱ ይተውለት ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በገቢ ከእሱ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ቋሚ ክፍያ ድሃን ይጎዳል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። ትንሽ የሚጠቀም ሁሉ ድሃ አይደለም፤ በጉራጌ ከተሞች ከትንሽ ተጠቃሚዎች መካከል ባለ ሁለት ቤት ነጋዴም አለ። ፍትሐዊ ለመሆን ቋሚ ክፍያው በፍጆታ ብቻ ሳይሆን በግንኙነቱ መጠንም መለየት ይኖርበታል፦ ባለ አንድ ፌዝ ተራ ቤት ትንሽ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ቪላ ከፍ ያለ፣ ዝግ ሆኖ ቢከርምም።

ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱና ወፍጮው

በንግድ ደንበኞች ዘንድ የሚታየው መዛባት የባሰ ነው፤ ዝቅተኛ ተጠቃሚ የሚባል ምድብ ስላልተሠራላቸው። በ2011ዱ ታሪፍ የመጨረሻ ዓመት የንግድ ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 2.124 ብር ነበር። አንድ አምፖልና አንድ ትንሽ ሬዲዮ ይዞ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ሱቅ ለኃይሉ 84 ብር ከ96፣ ለአገልግሎቱ 54 ብር ሲከፍል፣ ከጠቅላላው 39 በመቶ ያህሉ ቋሚ ክፍያ ነው። 1,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ካፌ በ54 ብሩ የሚሸከመው 2.5 በመቶ ብቻ ነው። ቡታጅራ ገበያ ላይ በርበሬና ባልትና የሚሸጥ አነስተኛ ነጋዴ ከካፌው ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ኤሌክትሪክን ወደ ታክሱ አስገብቶታል። ለመኖሪያ ቤት እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ፍጆታ ነፃ ሲሆን ሱቅ ግን ይህ አልተደረገለትም። ለታክሱ የተመዘገበ ትልቅ ነጋዴ የከፈለውን 15 በመቶ ከሚከፍለው ላይ ያቀናንሳል፤ ያልተመዘገበው ፀጉር ቤት ራሱ ይሸከመዋል።

ወፍጮ ቤቱና የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራው በኢንዱስትሪ ምድብ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ቋሚ ወጪ ይጠብቃቸዋል። እሱም ለሳቡት ከፍተኛ ጭነት በኪሎዋት የሚታሰበው የጭነት ክፍያ ነው። ይህ በመርህ ደረጃ ከአገልግሎት ክፍያው ይልቅ ትክክለኛ ነው፤ ለትራንስፎርመሩ መጠን ምክንያት የሆነውን ሰው ያስከፍላል። ነገር ግን በወር ውስጥ አንድ ጊዜ ሁለቱንም ሞተር በአንድነት ያስነሳ ወፍጮ ቤት የወሩ ክፍያ በዚያች ሰዓት ጭነት ሊታሰብበት ይችላል። ሞተሮቹን ተራ በተራ ማስነሳትና የብየዳ ሥራን ወፍጮው ከቆመ በኋላ ማድረግ ወጪ ሳይጠይቅ ቢሉን ይቀንሳል። ይህን ለሠራተኛው የሚያስረዳ ሰው በአገልግሎት ማዕከሉ ቢኖር የአገልግሎት ክፍያ የሚለው ስም ትርጉም ያገኝ ነበር።

ቢቀርስ?

ክፍያው ይሰረዝ ለሚሉ የኬንያ ታሪክ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ በየወሩ 150 ሽልንግ የነበረውን ቋሚ ክፍያ አስቀረ። ወጪው ግን አልጠፋም፤ የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ከፍ ተደረገና የዝቅተኛ ተጠቃሚ ምድብ ወሰን 10 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሆነ። ቅሬታው ሲበረታ በዚያው ዓመት ወሰኑ ወደ 100 ኪሎዋት ሰዓት ተነሣ። የእንግሊዝ መንገድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ የኤሌክትሪክ ቋሚ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቀን ወደ 60 ፔንስ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የከሰሩ አቅራቢ ኩባንያዎች ያስከተሉት ወጪ ሳይቀር በዚሁ መስመር ተጭኖ ነበር። ደንበኛን ለመያዝ ተብሎ የተጀመረ ክፍያ ድንበሩ በግልጽ ካልተጻፈ የማንኛውም ወጪ ማከማቻ እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

«10 ብር ምን አላት?» የሚለውም ተቃውሞ መልስ ይገባዋል። እውነት ነው፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብሩ ያጣውን አቅም ለሚያውቅ 10 ብር ምንም አይደለም፤ የኃይሉ ዋጋ እየጨመረ ቋሚ ክፍያው ባለበት ከቆመ ከቢሉ የሚይዘው ድርሻ ራሱ ይቀንሳል። ጉዳዩ የዛሬው 10 ብር አይደለም። የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቁ ቆጣሪዎች፣ ትራንስፎርመሮችና ሽቦዎች ተወድደዋል፤ በመስመር ላይ የሚባክነውና ሳይከፈል የሚወሰደው ኃይል ከአንድ አምስተኛ አይርቅም፤ አከፋፋዩ ድርጅት ገቢው እንዲረጋጋለት መፈለጉ አይቀርም። ቋሚ ክፍያ ለማንኛውም አከፋፋይ የሚጣፍጥ ገቢ ነው፤ ዝናብ ቢጠፋም፣ መስመር ቢበጠስም ይገባል። ግፊቱ የሚመጣው ከዚህ አቅጣጫ ነው።

ከዚህ በኋላ

ሦስት መንገድ ይታየኛል። የመጀመሪያው፣ ኪሎዋት ሰዓቱ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ የአገልግሎት ክፍያው ቅርጽ ሳይነካ መቀጠሉ ነው፤ የሚሆነውም ምናልባት ይኸው ነው። የሃምሳው ግድግዳ እንደቆመ ይቀራል፤ የግቢ ተከራዮች ከድጎማው ውጭ ይቀራሉ። ሁለተኛው፣ የዕዳና የመስመር ወጪ ቀስ በቀስ ወደ ቋሚ ክፍያው መግባቱ ነው። ይህ ለድርጅቱ ፈጣን እረፍት ይሰጣል፤ ለአነስተኛ ሱቅና ለአንድ ክፍል ተከራይ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ሦስተኛው ማሻሻያ ነው፤ ከባድም አይደለም። የአገልግሎት ክፍያው ከዝቅተኛ ፍጆታ ጀምሮ ቀስ እያለ በሚወጣ ደረጃ ይተካ፣ በፌዝና በግንኙነት መጠን ይለይ፣ ለአነስተኛ ንግድም ዝቅተኛ ምድብ ይሠራለት፤ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች በቀበሌ ማረጋገጫ ተቆጥረው የዝቅተኛው ምድብ ወሰን በቁጥራቸው ይባዛላቸው። የመጨረሻው ለማጭበርበር በር ይከፍታል የሚል ስጋት አለ፤ ይከፍታልም። ቀበሌ ያረጋገጠው የተከራይ ቁጥር በየዓመቱ ቢታደስ ግን የሚጭበረበረው ዛሬ ያለ አግባብ ከሚከፈለው ያንሳል።

መብራት ሲጠፋ ስለሚከፈለው ክፍያ የተነሣው ጥያቄም መልሱ እዚህ ነው። ክፍያው ለደንበኝነት እንጂ ለኃይል ስላልሆነ ለአንድ ምሽት መቋረጥ መሰረዝ የለበትም። ነገር ግን ደንበኝነት የሁለት ወገን ግዴታ ነው። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ አንድ ሰፈር ለቀናት ሲጨልም፣ ከተወሰነ ቀን በላይ ያለው ጊዜ ከአገልግሎት ክፍያው ሊቀነስ ይገባል። የሚቀነሰው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን የመቋረጡ ርዝማኔ በመዝገብ እንዲያዝ ማስገደዱ ነው። ዛሬ ሱቁን በጨለማ የዘጋ ነጋዴ የጠፋበትን ሰዓት የሚያስረዳበት ሰነድ የለውም፤ ድርጅቱ ራሱ ሲመዘግበው ግን የወልቂጤውን መስመር ከቡታጅራው፣ የዘንድሮውን ከአምናው ማነጻጸር ይቻላል።

የብሔራዊ መረቡን ታሪፍ መርምሮ ለመንግሥት ውሳኔ የሚያቀርበው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። በመስከረም 2017 የጀመረው የአራት ዓመት ፕሮግራም በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ጥናት ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ መጀመሩ አይቀርም። በዚያ ጥናት ላይ መጠየቅ ያለበት አንድ ሰንጠረዥ ነው፦ አንድ ደንበኛን በመዝገብ ለመያዝ፣ ቆጣሪውን ለማንበብና ለመጠገን፣ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ለመቀበል በዓመት በእርግጥ ስንት ይወጣል? ቁጥሩ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያው ጣሪያ እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ እያንዳንዱ ብር ለምን እንደሆነ በሌላ መስመር፣ በራሱ ስም በቢሉ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።